ዞር ሳትዪ ስሚኝ

ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ስፒሉ ይወጋሻል። ፊትሽ ወደ በሩ፣ ጀርባሽ ወደ እኔ ይሁን። እንዲህ ይሻላል። ፊት ለፊት ከተያየን ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ እኔ የማወራው ይጠፋኛል። ጉርድሽን ሁለት ጣት አስረዝምልሻለሁ፤ እጥፋቱ ውስጥ ጨርቅ ተርፏል። እየተረተርኩ ላውራሽ።

"ወላጅ አምጪ" የሚለውን ወረቀት አይቼዋለሁ። የሒሳብ ደብተርሽ ውስጥ ነበር። ሚጡዬ፣ እኔም እኮ በጊዜዬ እዚያው ነበር የምደብቀው፤ እማዬ የሒሳብ ደብተር ገልጣ ስለማታውቅ።

የገባኝን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ ራስሽን ነቅንቂ፣ ትከሻሽን ግን አታንቀሳቅሺ። ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ጽፈሽ ለሚኒ ሚዲያ ሰጠሽ። ኃላፊው ቲቸር "ይሄ አይነበብም" አሉ። በማግስቱ አንቺና ሁለቱ ጓደኞችሽ ሹራባችሁ እጅጌ ላይ ጥቁር ሪባን አስራችሁ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ። ሦስተኛዋ፣ ሻርፕ የምታደርገው፣ ሪባን በማሰር ፈንታ ነጩን ሻርፗን በጥቁር ቀይራ መጣች። ዩኒት ሊደሯ ሪባናችሁን አስፈታች፣ ጓደኛሽን ከበር መለሰቻት፣ ለአራታችሁም ወረቀት ተጻፈ። ልክ ነኝ? እሺ።

መጀመሪያ እንዳትቀየሚኝ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ የዩኒፎርም ጠላት አይደለሁም። እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺ ሳትወለጂ፣ እኔና የአክስታችን ልጅ አንድ ጉርድ ነበረን። ሁለት ጉርድ የማሰፋት አቅም አልነበረም። ትምህርት በፈረቃ ስለነበር እኔ የጠዋት፣ እሷ የከሰዓት ነበርን። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሮጥና ቆርቆሮ የሚደረድሩበት ጥግ ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ከላይ የቤት ቀሚሴን አጥልቄ ጉርዱን ከሥር አወልቃለሁ፣ እሷ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ትለብሰዋለች። ክፍል ውስጥ ግን ማንም አያውቅብንም ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ በጣቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር፤ እኔና እሷ አንድ ዓይነት ነበርን። ዩኒፎርም የሚያደርገው ይሄን ነው። ከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በነፃ ማልበስና መመገብ ሲጀምር እማዬ ለምን እንዳለቀሰች አንቺ አልገባሽም ነበር። እኔ ገብቶኛል።

ስለዚህ "ለምን ዩኒፎርም እንለብሳለን" የሚለው ክርክር ይቅርብሽ። ከዩኒፎርሙ ጋር አትጣዪ። ያንቺ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው።

እኔን ምን እንዳደረጉኝ ነግሬሽ አላውቅም አይደል? አሥረኛ ክፍል ነኝ። በር ላይ አንዲት መምህርት ማስመሪያ ይዛ ቆማለች። "ጉርድሽ ጠቧል፣ ፋሽን ነው?" አለችኝ። ፋሽን አልነበረም፤ ወፍሬ ነው። በአንድ ክረምት ዳሌ አውጥቼ፣ ያው ጉርድ ነው የነበረኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት ምላጭ አውጥታ የጎኑን ስፌት እስከ ጭኔ ተረተረችው። ደብተሬን ጎኔ ላይ ለጥፌ በዚያ ሁሉ የመርካቶ ተሸካሚ መሃል ወደ ቤት ተመለስኩ። ማታ ራሴ ሰፋሁት፤ የመጀመሪያ ስፌቴ እሱ ነው። የሚቆጨኝ ጉርዱ አይደለም። ለማንም ቃል አለመተንፈሴ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ ነው እንደሚል ያወቅሁት፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ የሕግ ተማሪ ልኩን እየወሰድኩ ሲያጫውተኝ ነው። ካገባሁ በኋላ ማለት ነው። ምን ዋጋ አለው?

ተይ፣ አለው። አንቺ አሁን ታውቂያለሽ።

ያ ልጅ ሌላም ነገር ነግሮኛል፤ ትናንት ማታ ወረቀትሽን ሳገኝ ትዝ አለኝ። አሜሪካ፣ አዮዋ የሚባል ግዛት፣ ደ ሞይን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1965፤ ሜሪ ቤዝ ቲንከር የምትባል የ13 ዓመት ልጅ፣ ወንድሟና አንድ ጓደኛው በቬትናም ጦርነት ለሚያልቀው ሰው ኀዘናቸውን ለመግለጽ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ። ሰምተሻል? ጥቁር ጨርቅ። ከትምህርት ታገዱ። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ፣ በታችኛው ፍርድ ቤት ተሸነፉ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1969 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት ፈረደላቸው። ተማሪ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ መብቱን ውጪ ጥሎ አይገባም፤ ትምህርቱን እስካልረበሸና የሌላውን መብት እስካልነካ ድረስ ነው አሉ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቷል፤ ልጅቷ እስከዚያ አድጋለች።

እንዳትፈነድቂ፤ የነሱ ሕግ እኛ ጋ አይሠራም። የኛው አንቀጽ 29 ግን "ማንኛውም ሰው" ነው የሚለው፤ ዕድሜው ይህን ያህል የሞላ አይልም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት የሚባለውንም አገራችን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! በዚያ ቀውጢ ማን ቁጭ ብሎ እንደፈረመ ይገርመኛል። እሱ ላይ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን ይናገር፣ ይሰማም ይላል። መጸዳጃ ቤት ካንቺ በላይ ማንን ይመለከታል? ግን ሌላኛውንም ጎን ዕወቂ፤ ያው አንቀጽ 29 የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። ዳይሬክተሩ ይሄን ቢያነሱብሽ አትደናገጪ። የመጸዳጃ ቤት በር አይዘጋም ማለት የማንንም ስም አያጠፋም። "እንትና ሌባ ነው" ማለት ግን ያጠፋል። ስም ጽፈሻል እንዴ? አልጻፍሽም። ጎበዝ።

ዙሪ፤ በስተግራ በኩል። በቃ፣ ቁሚ።

የጓደኛሽ ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ። ሪባንና ሻርፕ አንድ አይደሉም፤ እናንተ ግን አንድ አደረጋችኋቸው። ሪባኑ ንግግር ነው። ሻርፗ ሃይማኖቷ ነው፣ በየቀኑ የምታደርገው ነው። ሪባኑን ሲያስፈቱሽ የተነካው ሐሳብሽ ነው፤ እሷ ሻርፗን አውልቂ ብትባል ግን ትምህርቷን ትታ ቤቷ ነው የምትቀመጠው። አክሱም የሆነውን አልሰማሽም? በ2017 ዓ.ም. አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ ያደረጉ ልጆችን አናስገባም አሉ። ከ150 በላይ ልጆች ከክፍል ውጪ ቀሩ፤ ያውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መመዝገቢያ ሰሞን። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ አክሱም ያለው ፍርድ ቤት ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ፤ ጥር 13 ደግሞ መቀሌ ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጣ። አስቢው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረሽ መጨረሻው ፎርም ላይ በአንድ ክንድ ጨርቅ ስትቆሚ።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ፊት የሚሸፍነውን ኒቃብ እንጂ ፀጉር የሚሸፍነውን ሻርፕ አልከለከለም። እናንተ ትምህርት ቤትም ነጭ ይሁን ነው የተባለው እንጂ አታድርጊ አልተባለችም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ነጩን ታድርግ። ስለተሸነፈች አይደለም። ጥቁሩን ካደረገች ወሬው ሁሉ ወደ ሻርፕ ይዞራል፣ ሻርፑ ወደ ሃይማኖት፣ ሃይማኖቱ ወደ "እነሱ" እና "እኛ"፤ መጸዳጃ ቤቱን የሚያስታውስ አይኖርም። ይሄን ሰፈር ታውቂዋለሽ፤ የራጉኤልን ደወልና የአንዋርን አዛን እኩል እየሰማን ነው ያደግነው። በ2004 እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ አወሊያ ትምህርት ቤት የተጀመረው የሙስሊሞች ተቃውሞ አንዋር ሲደርስ፣ አርብ አርብ እማዬ ከስድስት ሰዓት በፊት ሱቅ ዘግታ እጄን ይዛ ትሮጥ ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ይሰበስባል፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም። ያንን ያየ ሰው በሻርፕ ቀለም አይቀልድም።

እና ደግሞ አንድ ነገር፤ ከጓደኞቻችሁ መሃል "እሷ ባትኖር ቶሎ ይለቁን ነበር" ያለ ልጅ አለ አይደል? ታውቆኛል፤ ሁልጊዜ አንድ አለ። ነፃነት እያለ የሚጮህ ሁሉ የሴት ልብስ ሲሆን ነገሩ ይጠፋበታል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ ሴት ተማሪዎች የፋሽን ትርኢት ሊያሳዩ ሲሉ ያደናቀፋቸው ዳይሬክተር ወይም ቄስ መሰለሽ? ራሳቸው ተራማጆቹ ተማሪዎች ናቸው! ሚኒ ስከርት የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው ብለው እንግዳውን አዋከቡ። ፖሊስ ገባ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ "መሬት ላራሹ" እያለ ፓርላማ ደጃፍ የተሰለፈው እንቅስቃሴ ነው ይሄ፤ ለገበሬው መሬት ጠይቆ ለገዛ እህቱ ጉልበት ግን ልክ አወጣ። ስለዚህ ያን ልጅ ዛሬውኑ ዝም አሰኚው። ዩኒት ሊደሯ በማስመሪያ ስትለካሽ ከተናደድሽ፣ እሱ በዓይኑ ሲለካ አትሳቂለት።

እማዬ ይሄን ወረቀት አታይም። አትጠይቂኝ፣ ወስኛለሁ። "ተማሪ" እና "ሰልፍ" የሚሉ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ስትሰማ ደሟ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ በተማሪ ልብሱ ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ በፊትም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ በማግስቱ አስከሬኑን ከበው የቆሙት ተማሪዎች ላይ መተኮሱን እየሰማች ነው ያደገችው። ሩቅ ነው እንዳትዪ፤ በ2015 ኅዳርና ታኅሣሥ በዚሁ ከተማ በየትምህርት ቤቱ የኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል አይሰቀልም፣ መዝሙሩ ይዘመራል አይዘመርም ሲባል፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ የተጎዳም የታሰረም ነበር፤ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫ እስኪያወጣ ደረሰ። ትልልቆቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልጨረሱትን ነገር ልጆቹ ሰልፍ ሜዳ ላይ ከፈሉለት። ያን ሰሞን ከዚህ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ደብተር ይዘው የሚሮጡ ልጆች ውስጥ ያንቺን ሹራብ ስፈልግ ነበር። የእማዬ ፍርሃት ሞኝነት አይደለም። ግን ፍርሃቷን እንድትወርሺው አልፈልግም፤ እኔ ወርሼው ያደረገኝን አይተሻል።

አሁን ወደ ሥራችን። ጽሑፍሽን አነበብኩት፤ እሱም ሒሳብ ደብተር ውስጥ ነበር። ቆንጆ ነው፤ ግን ነጋዴ እንዲህ አይናገርም። "ትምህርት ቤታችን ለሴቶች ደንታ የለውም" ብለሽ ጀመርሽ። ደንታ በሜትር አይለካም። መርካቶ ውስጥ "ብዙ ጨርቅ አለኝ" ብሎ የሚሸጥ አይተሻል? ስንት ሜትር፣ ስንት ጣቃ ነው። አንቺም ቁጠሪ። ስንት በር አለ? ስንቱ ከውስጥ ይዘጋል? ከሰኞ እስከ አርብ ውኃ የመጣው ስንት ቀን ነው? የወር አበባ የመጣባት ልጅ ስንት ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል? ከክፍልሽ ልጆች ጠይቂ፣ ስማቸውን አትጻፊ። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፤ አምስት ሳይሆን አንድ። ለሦስት በር መቀርቀሪያ በይ። መቀርቀሪያ እዚሁ ምናለሽ ተራ ይገኛል፤ ዋጋውን እኔ አጣርቼ እነግርሻለሁ። ዋጋው የተጻፈበትን ጥያቄ "አይቻልም" ማለት ለማንም ይከብዳል።

ሦስት ቅጂ አድርጊ። አንዱን ለሚኒ ሚዲያው ቲቸር፣ አንዱን ለተማሪዎች ፓርላማ። ቀን ጻፊበት፣ ሦስተኛውን አንቺ ጋ አስቀሪ፣ መዝገብ ቤት "ደርሶናል" ብለው ይፈርሙልሽ። ማህተም ቢጨምሩበት ደግሞ እሰየው። እዚህ አገር ያልተፈረመበት ነገር አልተነገረም ማለት ነው። መልስ ከሌለ ወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ ከዚያ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ክፍለ ከተማው። ረጅም ነው። አዎ፣ ረጅም ነው። እንባ ጠባቂ ተቋምም የልጆችን ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለው፤ ግን ለመቀርቀሪያ እዚያ ድረስ የምንሄድ አይመስለኝም።

ቲክቶክ ላይ? እንዳታስቢው። ዩኒት ሊደሯን ቀርፃችኋል አሉ፤ ዛሬ ማታ ይጥፋ። አሁን ይጥፋ፣ ስልክሽን አምጪ። እሷ ሪባን አስፈታችሽ እንጂ አልመታችሽም፤ መቶ ሺህ ሰው እንዲሰድባት ምን አደረገችሽ? ከዚያም በላይ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ የሚባል ከ2012 ጀምሮ አለ፤ አንድ ሰው ከቪዲዮሽ ሥር የሚጽፈው የብሔር ስድብ ወዴት እንደሚጎትትሽ አታውቂም። የለጠፍሽው ነገር ደግሞ ከእጅሽ ወጣ፣ በቃ፣ ስፌት አይደለም አትተረትሪውም።

ቆይ፣ ጫፉ ላይ ሳሙና ላድርግበት። ይሄ ደረቅ ሳሙና ከጠመኔ ይሻላል፤ ሲታጠብ ምልክቱ ይጠፋል። አየሽ፣ ጉልበትሽን ሸፈነ። አሁን በማስመሪያ የሚለካሽ ቢመጣ የሚለካው ያጣል። ለእነሱ ብዬ አይደለም ያረዘምኩት፤ ነገ ዳይሬክተሩ ፊት ስትቀርቢ ስለ ጉርድ እንዲያወሩ ዕድል እንዳያገኙ ነው። ፀጉርሽንም ጠቅልለሽ ታስሪያለሽ፣ ያን የጆሮ ጌጥ ታወልቂያለሽ። ነገ ያንቺ ልብስ ምንም አይናገር፤ አፍሽ ይናገር።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሱቁን ጎረቤት ያይልኛል። እኔ ሰላም ብዬ እቀመጣለሁ፣ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ "ሪባኑን ሳላስፈቅድ ማሰሬ ደንቡን ነክቶ ከሆነ ይቅርታ" በይ። ማለት ትችያለሽ፤ አንገትሽ አይሰበርም። ከዚያ መስከረም ላይ የፈረምኩትን ደንብ አውጪ። ይኸው፣ አስቀምጬዋለሁ። "ለምን?" አትበይ፤ "ለምን" ሲሉት የማይቆጣ አለቃ አላየሁም። "የትኛው ቁጥር ላይ ነው?" በይ። ከዩኒፎርም ውጪ ልብስ አይለበስም የሚለው ቁጥር 4 ላይ አለ፤ ሪባን ልብስ ነው ካሉሽ ተቀበያቸው፣ ጨርቁን ስጪያቸው። ቀጥለሽ ግን "ጽሑፌ እንዳይነበብ የሚለውስ የትኛው ቁጥር ላይ ነው?" በይ። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የለም። ስለ ሞባይል አለ፣ ስለ ፀጉር ቁርጥ አለ፣ ስለ ማርፈድ አለ። ስለ መጻፍ አንድም መስመር የለም። ጠይቀሽ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፣ ያስጨንቃል፣ አንቺ ግን አትሙይው። እኔ ስሸጥ ዋጋ ከጠራሁ በኋላ ዝም የምለውን አይተሽ የለ? እንደሱ።

ምናልባት እሺ ይሉሽ ይሆናል፤ ምናልባት ይቆጡና የጠባይ ማርክ ይቀንሱብሽ ይሆናል። አልዋሽሽም። ያኔ ወረዳ እንሄዳለን፣ ሁለታችን።

በይ አውልቂውና ስጪኝ፤ በመኪና ላስኪደው። ቀስ፣ ስፒሉ አለ። እና ያን ሪባን ከየት ነው የገዛችሁት? ማን ጋ? ግማሽ ሜትሩን በሃምሳ ብር? አንቺ ልጅ! መርካቶ ተወልደሽ፣ እህትሽ ልብስ ሰፊ ሆና፣ ከሥርሽ ሙሉ ጥቅል ጥቁር ሪባን ተቀምጦ ሃምሳ ብር ትበያለሽ? ከዚህ ሁሉ ለእማዬ የምነግራት ይሄን ብቻ ነው።